የወሊድ ሻንጣ፦ ምን ይያዝ፣ ምን ቤት ይቅር? (ጅማ፣ የመጀመሪያ ልጅ፣ 33 ሳምንት)

የጅሬኑ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ 33 ሳምንት ሞልቷታል። የመጨረሻው የወር አበባዋ የታየው ጥቅምት 5 ነው። ክትትሏ ጤና ጣቢያ ነው፤ እስካሁን ሁሉም ደህና ነው ተብለናል። ሐሳባችን እዚያው እንድትወልድ ነው፤ ካስፈለገ ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሪፈር ትባላለች።

የቸገረን ሻንጣው ነው። የጠየቅነው ሰው ሁሉ የየራሱን ዝርዝር ይሰጠናል። አንዱ ትልቅ ሻንጣ ሙሉ ይላል፣ ሌላው አንድ ፎጣና ጋቢ ይበቃል ይላል። ምን ያህል ነው በትክክል የሚያስፈልገው? መቼ ነው ተዘጋጅቶ ማለቅ ያለበት? የአልትራሳውንዱ ወረቀት 22/07 ይላል፣ ካርዷ ላይ ግን ሐምሌ 15 ተብሎ ተጽፏል፤ የቱን እንመን? ወሩ ክረምት መሆኑንም አስቡልን። መያዝ የሌለበት ነገር ካለም ንገሩን።

አዋላጅ ነርስ

ወንድሜ፣ ከዝርዝሩ በፊት አንድ ነገር ልበልህ። ሻንጣውን የምታዘጋጀው ባለቤትህ ብትሆንም የምትከፍተው እሷ አይደለችም። ምጥ ይዟት ዚፕ ከፍታ ፎጣ የምትፈልግ ሴት የለችም። የሚከፍተው አጃቢዋ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ከማዋለጃው ክፍል በር ውጭ ቆሞ፣ "ደረቅ ጨርቅ ቶሎ አምጡ" ሲባል። እኔ የማየው ችግር የዕቃ ማነስ አይደለም። ሁሉም ነገር አለ፣ ግን የሕፃኑ ኮፍያ ከሻንጣው ሥር፣ ከእናትየው ቀሚስ በታች፣ ከብስኩቱ ጎን ነው ያለው። አጃቢው ወለል ላይ ዘርግፎ ሲፈልግ ሕፃኑ ይበርደዋል።

ስለዚህ ዕቃውን በዓይነት ሳይሆን በሚጠየቅበት ተራ አስቀምጡት። አራት ንጹሕ ፌስታል ውሰዱ፣ በየላያቸው ፕላስተር ለጥፋችሁ በማርከር ቁጥር ጻፉ። ከአጃቢዎቹ መካከል ማንበብ የማይችል ካለ የእያንዳንዱን አፍ በተለያየ ቀለም ክር እሰሩ፤ "ቀዩን አምጡ" ማለት ይበቃል።

ቀኑን በተመለከተ፣ ሁለቱ ወረቀቶች አልተጣሉም። በእኛ አቆጣጠር የመጨረሻው የወር አበባ በጀመረበት ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ይደመራል። መሃል ላይ ጳጉሜ ካለች 9 ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን ይደመራል። በየትኛውም ቢሄዱ 280 ቀን ነው። ጥቅምት 5 ጳጉሜን ስለማይሻገር ሐምሌ 15 ይሰጣል። አልትራሳውንዱ ላይ ያለው 22/07 የፈረንጅ ጁላይ 22 ነው፤ እሱም ሐምሌ 15። ችግር የሚመጣው 07ን ሰባተኛ ወር ብሎ መጋቢት አድርጎ የሚያነብ ሲኖር ነው፤ "ቀኗ አልፏል" ተብሎ ቤተሰብ በከንቱ ይሸበራል። ወደፊት በመጨረሻዎቹ ወራት ሌላ አልትራሳውንድ ብትነሣና ቀኑ ቢለያይ አትደናገጡ። በዚያ ጊዜ የሚነሣው እስከ 3 ሳምንት ሊስት ይችላል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የተነሣው ነው ይበልጥ የሚታመነው።

ሐምሌ 15 ማለት ግን በዚያ ቀን ትወልዳለች ማለት አይደለም። ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 29 ባለው በየትኛውም ቀን ብትወልድ ጊዜው ነው። ሻንጣው 36 ሳምንት ሲሞላ፣ ማለትም ሰኔ 17፣ ተዘግቶ በር አጠገብ መቀመጥ አለበት። መንታ ከሆነ፣ ግፊት ካላት ወይም ቀደም ሲል ደም ካያት ከዚህ በአንድ ወር ይቀድማል።

ፌስታል 1፣ ለምጥ። ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ሰፊ የጥጥ ቀሚስ ወይም ሽርጥ 1፣ የሚታጠብ ነጠላ ጫማ፣ 1 ሜትር ያህል ላስቲክ (እኛ ማኪንቶሽ የምንለው፣ ጨርቃ ጨርቅ መደብር በሜትር ይቆረጣል)፣ ሶፍት 1 ጥቅል፣ ፊትና እጅ መጥረጊያ ትንሽ ፎጣ፣ 1 ሊትር ውሃ፣ ጥቂት ስኳር ወይም ተምር። ላስቲኩ ሁለት ሥራ አለው፤ ቤት ሳላችሁ የሽርት ውሃ ቢፈስ መኪናው ወንበር ላይ ይነጠፋል፣ ሆስፒታል ደግሞ ፍራሹ ላይ።

ፌስታል 2፣ ሕፃኑ እንደተወለደ። ይሄ ለብቻው ይቋጠር፣ ማንም ነገር አይቀላቀልበት። ዝርዝሩን ከእኔ ይልቅ የጨቅላ ክፍል ሰዎች ቢያስረዱ ይሻላል።

ፌስታል 3፣ እናት ከወለደች በኋላ። የውስጥ ሱሪ 4 (ከሚለበሰው አንድ ቁጥር ከፍ ያለ፣ ጥጥ)፣ ወፍራም ሞዴስ 2 እሽግ 10 10 ፍሬ ያለው፣ ንጹሕ ቀሚስ 2፣ ጡት ለማጥባት የሚመች ጡት ማስያዣ ያለ ሽቦ፣ ሹራብ፣ ጋቢ፣ ሻሽ፣ ሳሙናና የጥርስ ብሩሽ። የሞዴሱን ቁጥር ብዙ አትዩት፤ በመጀመሪያው ቀን በየ3 እና 4 ሰዓቱ ስለሚቀየር በ24 ሰዓት 6 እስከ 8 ይሄዳል። ስስ የሆነውን አትግዙ። ወደ ውስጥ የሚገባ ጥጥም ሆነ ሌላ ነገር ለወላድ አይሆንም፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፤ የፈሰሰውን የደም መጠንም ይደብቃል። የተቀየረውን ሞዴስ ቶሎ አትጣሉት፣ አዋላጇ ታየዋለች። ወፍራም ሞዴስ በ1 ሰዓት ውስጥ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ርሶ ካለፈ ወዲያውኑ ተጣሩ፤ ተረኛዋ ዞራ እስክትመጣ አትጠብቁ።

ፌስታል 4 ትርፍ ነው፤ የሕፃን ቅያሪ፣ የእናት ቅያሪ፣ ለቆሸሸ ልብስ 3 ባዶ ፌስታል።

ጓንት፣ መርፌ፣ የእትብት መቆንጠጫ አስቀድማችሁ አትግዙ። የተቋሙ ሥራ ነው። ካለቀ ይጻፍላችኋል፤ ለዚያ ጊዜ ትንሽ መጠባበቂያ ብር ይኑራችሁ። በመንግሥት ተቋም የወሊድ አገልግሎት ያለ ክፍያ ነው፣ ኦፕራሲዮንም ጭምር።

የጨቅላ ሕፃናት ነርስ

ፌስታል 2ን እኔ ልሙላው።

4 ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ወይም ፎጣ፣ እያንዳንዱ 1 ሜትር በ1 ሜትር ገደማ። ሁለቱ ለመጀመሪያው ደቂቃ ናቸው። በአንዱ ሕፃኑ ተጠርጎ ይደርቃል፣ ያ የረጠበው ይጣላል። በሁለተኛው ደረቅ ጨርቅ እናቱ ደረት ላይ ሆኖ ይሸፈናል። አንድ ፎጣ ብቻ የያዘ ቤተሰብ ልጁን በጠረገበት እርጥብ ጨርቅ መልሶ ይጠቀልለዋል፤ እርጥበቱ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የሕፃኑ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ከዚያ በታች የወረደ ሕፃን ይደክማል፣ ጡት አይስብም፣ ስኳሩም ይወርዳል። በሐምሌ ሌሊት ጅማ ውስጥ ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ይሆናል። ሌሎቹ ሁለት ጨርቆች ለቀጣዩ ቀን ናቸው።

ከዚያ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ 2 (ገመድ የሌለው)፣ ካልሲ 2፣ ከፊት የሚከፈት ካናቴራ 3፣ ሱሪ 3፣ የሕፃን ብርድ ልብስ 1። በራስ ላይ የሚጠለቅ ልብስ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አይመችም። ኪሮሽ ብርድ ልብስ ቆንጆ ነው፣ ግን ቀዳዳው ንፋስ ያስገባል፤ ከውስጥ የጥጥ ጨርቅ ይኑር። መርፌ ቁልፍ አትጠቀሙ።

ዳይፐር ቁጥር 1 ከ2 እስከ 5 ኪሎ ላለ ሕፃን ነው። በመጀመሪያው ቀን ሽንቱ 1 ወይም 2 ጊዜ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ለሁለት ቀን 10 ፍሬ ይበቃል። ትልቅ እሽግ አትግዙ፣ ልጁ ቶሎ ያልፈዋል። ሽንት ጨርቅ የምትጠቀሙ ከሆነ 10 እስከ 12 ያዙ። የመጀመሪያው ሰገራ ጥቁርና እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ነው። በሳሙና አታሹት፤ ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ይለቃል።

አሁን የልብሱ አያያዝ፣ እዚህ ላይ ብዙ ይበላሻል። አዲስ ልብስ ስታርች አለው፣ ከገበያ አቧራም ይዟል። በተለመደ ሳሙና ታጥቦ፣ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ተለቃልቆ ይድረቅ። ከሰኔ ጀምሮ ጅማ ላይ ልብስ ውጭ በአንድ ቀን አይደርቅም፤ ላዩ ደርቆ ስፌቱ እርጥብ ይሆናል፣ ያ ፌስታል ውስጥ ሲታሰር ይሻግታል። ስለዚህ አሁን ግንቦት ላይ እጠቡ፣ ሁለቱንም ገጽ ተኩሱ፣ ከካውያው ሲነሣ ቀዝቀዝ እስኪል ጠብቁና እሰሩ። ትኩሱን ከቋጠራችሁት እንፋሎቱ ውስጥ ይቀራል።

የብል መድኃኒት የምንለው ናፍታሊን ከሕፃን ልብስ ጋር በፍጹም አይቀመጥ። ከሌላ ሰው የተሰጣችሁ የተቀመጠ ልብስ ካለ አሽትቱት፤ ሽታው ካለ ደጋግማችሁ አጥባችሁ ነፋስ ላይ አሰጡት፣ ካልለቀቀ ተዉት። ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሕፃናት አሉ፤ በእነሱ ላይ ናፍታሊን ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል፣ ከባድ ቢጫነትም ያመጣል። ልጁ ይህ ይኑረው አይኑረው አስቀድሞ የሚታወቅ አይደለም። ልብሱን ዕጣን ማጠንም ይቅር፣ ሽቶም እንዲሁ። ሕፃኑ የእናቱን ጡት የሚያገኘው በጠረን ጭምር ነው፤ ሳንባውም ለጭስ አልተሠራም።

የማትይዟቸው፦ ጡጦ፣ የዱቄት ወተት፣ ፓውደር፣ ኩል፣ ለእምብርት የሚሆን ማንኛውም ቅባት። ቫይታሚን ኬ መርፌና የዓይን ቅባት ተቋሙ ይሰጣል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለእምብርት የሚሰጥ ክሎርሄክሲዲን የሚባል ጄል ወደ ቤት ቢሰጣችሁ ቱቦው የዓይን ቅባት ይመስላል። ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያቃጥላል፣ ለዕውርነት የዳረገበት ጊዜም አለ። በተሰጣችሁበት ቅጽበት ፕላስተር ለጥፋችሁ "እምብርት ብቻ" ብላችሁ ጻፉበት፤ ከሌላ መድኃኒት ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አታስቀምጡ።

ሕፃኑን ለማሞቅ ሙቅ ውሃ የያዘ ሃይላንድ አጠገቡ አታስተኙ። ቆዳው ስስ ነው፣ እናንተ ለብ ያለ የመሰላችሁ እሱን ያቃጥለዋል። ከእናቱ ደረት የተሻለ ማሞቂያ የለም። ክብደቱ ከ2 ኪሎ ተኩል በታች ከሆነ ደግሞ ነርሶቹ ከደረቷ ጋር ማሰር ያስተምሯችኋል፤ ለዚህ ሰፊ ነጠላ 1 ያዙ፣ ባይፈለግ ለመሸፈኛ ይሆናል። ገላውን ማጠብ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ሳፋ ይዞ መምጣት አያስፈልግም።

የጅሬኑ

እግዜር ይስጥልን፤ የ22/07ን ነገር በዚህ መልክ ያስረዳን ሰው አልነበረም። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ በኦፕራሲዮን ትወልዳለች ቢባል ሻንጣው ይቀየራል? የደሟ ዓይነት ኦ ኔጌቲቭ ነው ተብሏል። ሁለተኛ፣ እናቴ ለሕፃኑ ቅቤ ለማዋጥ ማሰሮ አዘጋጅታለች፣ አማቼ ደግሞ የጅማ ማር። አባቴ አዛን ማሰማት ይፈልጋል። ማንንም ሳላስከፋ እንዴት ላድርግ?

አዋላጅ ነርስ

ኦ ኔጌቲቭ መሆኗን መጀመሪያ መናገር ነበረብህ! ያንተስ ታይቷል? ያንተም ኔጌቲቭ ከሆነ የሚያሰጋ ነገር የለም። ፖዘቲቭ ከሆንክ የሕፃኑ ደም እንደተወለደ ይመረመራል፤ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተገኘ እሷ በ72 ሰዓት ውስጥ አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ትወጋለች። መርፌው የዚህን ሕፃን ደም የሚያጠቁ ነገሮች በሰውነቷ እንዳይፈጠሩ ይከላከላል፤ ጥቅሙ ለሚቀጥለው ልጅ ነው። በእርግዝናዋ ጊዜ መወጋት ያስፈልጋት እንደሆነም በሚቀጥለው ቀጠሮ ጠይቁ። መርፌውን ግን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ሻንጣ ውስጥ እንዳታስቀምጡ! ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ ነው የሚቀመጠው፤ ሻንጣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ከከረመ ውሃ መውጋት ማለት ነው። የት እንደሚገኝ ከአሁኑ አጣሩ፣ ስልክ ያዙ፣ በዕለቱ ከበረዶ ጋር ይምጣ።

ደም ሊያስፈልግ ይችላልና ኔጌቲቭ የሆኑ ዘመዶችን ፈልጉ። ኦ ኔጌቲቭ የሆነ ሰው ኦ ኔጌቲቭ ብቻ ነው የሚቀበለው። ለጋሹ ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ፣ ካለፈው ልገሳው 3 ወር ያለፈው መሆን አለበት። ሁለት ሰው በስምና በስልክ ካርዷ ጀርባ ላይ ይጻፉ።

ኦፕራሲዮን ሲሆን የሚቀየረው ይሄ ነው። ቆይታው 3 ቀን ገደማ ስለሚሆን ቀሚስ 4፣ ሞዴስ 3 እሽግ። የውስጥ ሱሪው ላስቲክ ከእምብርት በላይ የሚውል ይሁን፤ አጭሩ በቀጥታ ስፌቱ ላይ ያርፍና ያቆስለዋል። ሱሪ አይያዝ፣ ቀሚስ ብቻ። መቀነት ሆድ ላይ የማሰር ልማድ ካለ ስፌቱ እስኪደርቅ ቢቆይ ይሻላል፤ ጠብቆ ሲታሰር ላብ ይይዛል። በማግሥቱ ተነሥታ እንድትራመድ ስለሚደረግ የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋል።

ቀጠሮ የተያዘለት ከሆነ ኦፕራሲዮኑ ሊጀመር 6 ሰዓት ሲቀረው ጠንካራ ምግብ፣ 2 ሰዓት ሲቀረው ደግሞ ውሃ ይቆማል። "አቅም እንዲሆናት" ብሎ በድብቅ ገንፎ ማጉረስ አደገኛ ነው። በማደንዘዣ ጊዜ ምግቡ ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ከበላች በግልጽ ተናገሩ፣ ማንም አይቆጣም።

ወርቅ፣ የአንገት ማተብ ላይ ያለ ብረት፣ የጸጉር ሽቦ ቤት ይውለቅ። ጥፍሯ ላይ ቀለም ወይም ጥቁር ሂና አይኑር፤ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በትክክል አያነብም። ሹሩባ ደግሞ 37 ሳምንት ላይ ብትሠራ ደግ ነው፣ ጸጉሯ ለሳምንታት አያስቸግራትም።

በየቀኑ የምትወስደው መድኃኒት፣ የግፊት፣ የስኳር፣ የኤችአይቪ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ከነማሸጊያው በራሷ ትንሽ ቦርሳ ይሁን። ያ ቦርሳ ለአጃቢ አይሰጥም። ምጥ ቢሆንም ሰዓቱ አያልፍም፤ ለአዋላጇ ብቻ ትንገራት።

የእናቶች ጤና ባለሙያ

ወንድም፣ ለእናትህም ለአማችህም የሚሆን ሥራ አለ፣ ማሰሮው ከንቱ አይቀርም። ቅቤው ለእናትየው ገንፎ ይሁን። ማሩም ለእሷ ነው። የሕፃኑ አፍ ውስጥ ግን አንዱም አይገባም። ቅቤ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፤ ማር ውስጥ ደግሞ 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ቦቱሊዝም የሚባል ጡንቻ የሚያሽመደምድ ሕመም የሚያመጣ የባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል፣ ማሩ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ቢፈላም አይጠፋም። ለእናትህ "አይፈቀድም" ከማለት "እንገሩ ይቅደም" በላት። እንገር ያልጠባ ጥጃ እንደማይቆም ጅማ ውስጥ የማያውቅ ሽማግሌ የለም፤ የሰውም እንዲሁ ነው። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ "ወተት የላትም" ይባላል። የአንድ ቀን ሕፃን ግን በአንድ ጊዜ የሚፈልገው ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሊትር ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ። በ1 ሰዓት ውስጥ ይጀምር፣ ከዚያ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ።

አዛኑ ምንም አይከለክለውም። ሕፃኑ ደርቆ እናቱ ደረት ላይ ካለ በኋላ ቀስ ባለ ድምፅ እዚያው ይሰማል። ልጁን ወደ ኮሪደር ማውጣት ነው የማይሆነው፣ ብርዱ አለና። አባትህ ወደ ክፍሉ መግባት የሚችል መሆኑን አስቀድመህ ጠይቅ፤ የማይፈቀድ ከሆነ አንተ ወይም እዚያው ያለች ሴት ታደርገዋለች፣ ወይም የድኅረ ወሊድ ክፍል ሲገቡ ይሆናል። ታህኒክ (የላመ ተምር የሕፃኑን ላንቃ ማስነካት) የምታደርጉ ከሆነ ደግሞ ጤናው የሚመክረው ከጡት በፊት ምንም እንዳይቀምስ ነው፤ ከአዋላጇ ጋር ተነጋገሩ፣ ማር ግን አይሁን።

ምግቧ። ምጥ ሲጀምር ቀጭን አጥሚት በ1 ሊትር ፔርሙስ፣ ሻይ በስኳር፣ ውሃ፤ አዋላጇ ከፈቀደች በየጥቂቱ ትጎንጭ። ሽንቷን በየ2 ሰዓቱ ትሽና፤ የሞላ ፊኛ የሕፃኑን አወራረድ ይይዛል። ከወለደች በኋላ ገንፎ፣ ሾርባ፣ እንቁላል፣ እንደ ልቧ። ድርቀት እንዳይዛት የተልባ ውሃ፣ ፓፓያና አቮካዶ ይምጣላት፤ ይህ ሁሉ ጅማ ላይ በየበሩ ነው። ሳህን፣ ማንኪያ፣ ኩባያ ሁለት ሁለት። ከሰል ይዞ ቡና ለማፍላት ክፍል ውስጥ አይታሰብ፣ ኦክስጅን ባለበት እሳት መንደድ የለበትም። ቡናው ቤት ፈልቶ በፔርሙስ ይምጣ፤ የታዘዘላትን የብረት እንክብል ከቡና ጋር እንዳትወስድ ግን፣ ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። 2 ሰዓት ልዩነት ይኑር።

በቤት የሚሰጥ ምጥ የሚያፋጥን ሥራሥር ካለ፣ ይቅር። ማኅፀን ያለ ልክ ይኮማተራል፣ ሕፃኑ ይታፈናል፣ ማኅፀን ሊቀደድም ይችላል። ከጠጣች ደግሞ ለአዋላጇ አትደብቁ። ጫትም ከአሁኑ ይቁም።

የሰቃ መንገድ

ወረቀትና መንገድ አልተነሣም፤ እኔ እሱን ልጨምር።

ወረቀቱ በአንድ ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ማኅደር ይግባ፣ ከሁሉም ፌስታል ላይ ይቀመጥ። የክትትል ካርድ፣ የአልትራሳውንድና የደም ምርመራ ውጤቶች፣ የሁለታችሁ መታወቂያ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የጤና መድን ካርድ ካላችሁ። ካርዱ ከሌለ የደም ዓይነቷም የግፊቷም ታሪክ እንደ አዲስ ነው የሚጀመረው፤ ሁሉንም ገጽ በስልክ ፎቶ አንሡ። ከወለደች በኋላ ከመውጣታችሁ በፊት የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ተቀበሉ፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ90 ቀን ውስጥ ነው። በቁቤ የተጻፈው የእናትና የአባት ስም ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል መግጠሙን እዚያው ቆማችሁ አመሳክሩ። አንድ ድርብ ፊደል ቢጎድል በኋላ ማስተካከሉ ሳምንታት ይፈጃል። ቢሲጂና የመጀመሪያው የፖሊዮ ጠብታም ሲወለድ የሚሰጡ ናቸው፣ የክትባት ካርዱን አትርሱ።

መንገድ። በሌሊት ባጃጅ ይገኛል ብላችሁ አትተማመኑ። የሁለት ሾፌር ስልክ ያዙ፣ አንዱ ቢያንስ መኪና ያለው ይሁን። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የጤና ጣቢያውንም ስልክ ካርዱ ላይ ጻፉ። ከዴዶ፣ ከሰቃ፣ ከሰርቦ በኩል ያላችሁ ደግሞ ክረምት ላይ መንገዱን አትጠብቁት፤ 38 ሳምንት ላይ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ካለው ግቡ። ለማቆያ ሻንጣው ላይ አንሶላና የሁለት ሳምንት ልብስ ይጨመራል።

መብራት ይጠፋልና ትንሽ የእጅ ባትሪ ወይም ፓወር ባንክ፣ ቻርጀር። አጃቢ ሁለት ይሁን፤ አንዷ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ ለመድኃኒትና ለደም የሚሮጥ። ለአጃቢም ጋቢ፣ ጃንጥላና ምግብ ለብቻው ይያዝ፤ ከወላዷ ሻንጣ አይቀላቀል። ሁለቱም ሰኔ 17 ላይ ፌስታሎቹን አንድ ጊዜ ፈተው ይዩአቸው፤ የቱ ምን እንደሆነ በቃል ይናገሩ።

የጅሬኑ

የኔ ደም ኤ ፖዘቲቭ ነው፤ ነገ ጤና ጣቢያ ሄደን ስለ መርፌው እንጠይቃለን። ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ጨርቁን እገዛለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ሻንጣው ሳያልቅ፣ ለምሳሌ በሚቀጥለው ሳምንት፣ ሌሊት የሽርት ውሃ ቢፈስስ?

አዋላጅ ነርስ

ሻንጣውን ተወው፣ ውጡ። ሞዴስ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ታድርግ፤ የፈሰሰበትን ሰዓትና ቀለሙን ያዙ። ሰዓቱን ስትናገሩ "ከሌሊቱ 8 ሰዓት" ብላችሁ ሙሉውን ተናገሩ፣ "8 ሰዓት" ብቻ ከሆነ የቀኑ ነው የሌሊቱ ይባላል። ቀለሙ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ፣ ደም ካለበት፣ ወይም ምንም ሳይፈስ እንኳ የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ምጥ ባይኖርም ጊዜ አትፍጁ። ገና 37 ሳምንት ስላልሞላ ሪፈር ሊጻፍላችሁ ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ለጤና ጣቢያው ደውሉና በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ትሂዱ እንደሆነ ጠይቁ። ተቀምጣ ከመሄድ በግራ ጎኗ ጋደም ብላ ብትሄድ ይሻላታል፣ ባጃጅ ለዚህ አይሆንም። ካርዷንና ሁለት ደረቅ ፎጣ ያዙ፤ ቀሪውን በነጋታው ሰው ያመጣዋል።